ጭንቅላት በውክልና

«የኔ ባል እኮ እዚያ የምርመራ ቱቦ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሳይነቃነቅ ተኝቶ ነው የወጣው» አለች የማኅተም ቀራጩ ሚስት፣ በር ላይ ለቆመችው ጎረቤቷ። «ስንቱ ጎረምሳ እየጮኸ የሚወጣበትን። የዛሬው ቀዶ ሕክምናማ ለሱ ምን አላት።» ጎረቤቲቱ ደህና ግቡ ለማለት ነበር በጠዋት የመጣችው፤ እግረ መንገዷንም ወሬውን ከምንጩ ለመቅዳት። ከበሩ ወዲያ፣ ሶፋው ግማሹን በያዘው ጠባብ ሳሎን፣ ሁለት ወንድማማቾች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ታላቁ ማታ የተላጨ ራሱን በግራ እጁ እየዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ይፈልጋል፤ ጫማው ማሰሪያ የለውም። ታናሹ የሻይ ብርጭቆውን ቂጥ ወደ ብርሃን አዙሮ ያነባል፤ ብርጭቆው ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ሴትየዋ የባሏን ጀግንነት ባነሣች ቁጥር ሁለቱም ወንበራቸው ላይ ትንሽ ዝቅ ይላሉ። አንዱም ሌላውን አላየውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ማኅተም ቀራጭ ፊደልን ገልብጦ የሚጽፍ ሰው ነው። ወረቀት ላይ ሲያርፍ በትክክል እንዲነበብ፣ አንድ ቁራጭ ጎማ ላይ የአንድ መሥሪያ ቤት ሙሉ ስም ከነአድራሻው እያዞረ ያሰፍራል። የታላቅየው ቀኝ እጅ ይህን ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ኖሮ፣ የዛሬ አራት ዓመት ምክንያቱ ሳይታወቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርጭቆ ሲያነሣ ነበር፤ ቀጥሎ ቁልፍ ሲያስገባ፤ በመጨረሻ መቅረጫውን ሲይዝ። አንድ ትምህርት ቤት ያሠራው ማኅተም ላይ የአንዱ ፊደል እግር ተጣሞ ወጣና፣ ርእሰ መምህሩ የቅሬታ ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ግርጌ የተመታው ማኅተም ያው የተጣመመው ነበር። ቀራጩ በዚህ ሦስት ቀን ሳቀ፣ በአራተኛው ቀን ሱቁን ዘጋ። ሐኪሞቹ ደግሞ መድኃኒት አለው አሉ፤ አንጎል ውስጥ እጁን የሚያውክ የምስር ፍሬ የማታህል ቦታ አለች፣ ቀጭን መርፌ አስገብተን በሙቀት ጸጥ እናደርጋታለን፣ እጁ ያርፋል። ተራው እስኪደርስ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀ። ዛሬ ደረሰ።

ታናሽየውን ደግሞ በመሥሪያ ቤቶች ኮሪደር የሚያውቀው ሁሉ «ወኪሉ» ይለዋል። ሥራው የሰው ጉዳይ መፈጸም ነው። ለሰው ይሰለፋል፣ ለሰው ፎርም ይሞላል፣ የሰው ስም ሲጠራ «አቤት» ይላል። ጡረታ፣ ንግድ ፈቃድ፣ የቤት ካርታ፣ የልደት ማስረጃ፤ አንዴ እንዲያውም ከሞተ አራት ዓመት ለሆነው ሰው የልደት ማስረጃ አውጥቷል፣ ያውም በአንድ ቀን። ዐይኑን በጨው አጥቦ መስኮት ላይ መቆም የእንጀራው ገመድ ነውና፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት የሆነው ነገር በሌላ ሰው ቤት አይሆንም ነበር፤ በነሱ ቤት ግን የሚሆን ነበር። የሆስፒታሉ ኤምአርአይ ተበላሽቶ ስለ ነበር ታላቅየውን ወደ አንድ የግል ምርመራ ቤት ላኩት። ቀራጩ ገና ከልጅነቱ የተዘጋ ቦታ አይችልም፤ ሱቁን እንኳ ዝናብ ሲዘንብ በሩን ከፍቶ ነው የሚሠራው። ቱቦው ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ጮኾ ወጣ። በሁለተኛው ቀጠሮ፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን እንደ ተቀመጡ፣ ስሙ ተጠራ። ታላቅየው አልተነሣም። ወንድሙን አየው። ወኪሉ ተነሣና «አቤት» አለ። በመካከላቸው ቃል አልወጣም፤ የሆስፒታሉ ዝርዝር ላይ ደም፣ ልብ፣ ኤምአርአይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ይላል፤ አንዲት የጎደለች ወረቀት ለማሟላት ነው ብለው ሁለቱም በየልባቸው ወሰኑ። ውጤቱ «እንከን የለውም» ብሎ መጣ። ሐኪሙም በዚህ ሕመም ፎቶው ደህና መስሎ መታየቱ የተለመደ ነው ብሎ ፋይሉ ውስጥ ከተተው፤ ነገሩ በዚያው ተረሳ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ጉዳዩ በፍጥነት ሄደ። ነርሷ የታላቅየውን ራስ አራት ቦታ በመርፌ አደነዘዘችው፤ ከዚያ ዙሪያውን የሚይዝ ክፈፍ መሰል ብረት በአራት ብሎን ታሰረለት። «እኔስ ዛሬ ሞርሳ ገባሁ» አለ ቀራጩ፣ ጎማውን ሲቀርጽ የሚያስርበትን ብረት አስታውሶ፤ ነርሷ ሞርሳ ምን እንደ ሆነ ባታውቅም ሣቀችለት። እንደዚያው ሆኖ ሲቲ ስካን አነሡት። ሲቲው ወፍራም ቀለበት ነው፣ ወዲያና ወዲህ ክፍት ነው፣ በትንፋሽ ልክ ስላለቀ አልፈራውም። ሚስቱ ተጠባባቂዎች በሚቀመጡበት አዳራሽ ቦርሳዋን ታቅፋ ቀረች። ወኪሉ ግን መቀመጥ አያውቅም። ሰው በሚሰለፍበት ቦታ ሁሉ የትኛው በር ወዴት እንደሚወስድ አስቀድሞ ማጥናት ልማዱ ነው፤ ኮሪደሩን ከዳር ዳር ሲለካው ቆየ። መጨረሻው ላይ በሯ በወንበር ተደግፎ የተከፈተ ትንሽ ክፍል አለች፤ ውስጧ ሁለት ትልልቅ ኮምፒውተሮች ይሞቃሉ፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ስልክ በትከሻዋ አጣብቃ ትናገራለች።

«ዶክተር፣ አልገጥም አለኝ» ትላለች። «ሦስቴ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። የአጥንቱ ጠርዝ በግራ ሲገጥም በቀኝ ይወጣል። ምናልባት የግል ምርመራ ቤቱ ማሽን ይሆናል ያጣመመው... እሺ። እሺ፣ በእጄ ላስተካክለውና ልየው።»

ወኪሉ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። የታካሚው ወንድም ነኝ አለ፤ ምን እንደሚደረግ ቢነገረው ቤተ ሰቡን ያረጋጋ ነበር አለ። የፎቶ ባለሙያዋ ከሌሊቱ ጀምራ የሠራች፣ ዐይኗ የቀላ፣ ግን ሰው የማትንቅ ሴት ነበረች። ወንበሯን ገፋ አድርጋ አሳየችው። በአንዱ ስክሪን ላይ ከነብረቱ የታሰረ ነጭ የራስ ቅል አለ፤ ይሄ የዛሬው ነው አለችው፣ ሲቲው አጥንቱንና ብረቱን ልክ በልክ ያስቀምጥልናል፣ ውስጡን ግን እንደ ጭጋግ ነው የሚያደርገው። በሌላው ስክሪን ላይ ደግሞ ኤምአርአዩ፣ ውስጡን እጥፋት በእጥፋት ያሳያል፤ ሐኪሙ የሚፈልጋት ቦታ የምትገኘው በዚህኛው ላይ ነው፤ ግን ያኔ ብረቱ አልታሰረም፣ ልኬት የለውም። «ስለዚህ አንዱን በአንዱ ላይ እናነጥፈዋለን። ሐኪሙ ቦታዋን ከዚህ ይመርጣል፣ መንገዱን በዚያኛው ይለካል። መርፌው የሚሄደው በሁለቱ ድምር ነው።»

«ባይገጥምስ?»

«ሁለት ሚሊሜትር ከሳተ እጁን ሊያሳርፍ የገባው መርፌ እግሩን ሊያሰንፈው፣ ምላሱን ሊይዘው ይችላል» አለች፣ ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ይገጥማል ግን። ትንሽ መታገል ነው።»

ወኪሉ ሁለተኛውን ስክሪን አየ። ጭንቅላቱ ከጎን ነው የተነሣው፤ ግንባር፣ አፍንጫ፣ አገጭ። አፍንጫው መሃል ላይ ጎበጥ ይላል። በአሥር ዓመቱ ኳስ የሰበረችው አፍንጫ ናት። ሰው መስታወት ፊት ሲቆም ከፊት ለፊት ነው ራሱን የሚያየው፤ ወኪሉ ግን ጎኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶም አልተሳሳተም። አመሰግናለሁ ብሎ ወጣ። ወረቀት ቢሆን ያውቅበት ነበር፤ ስም የተሳሳተበት ይታረማል፣ ሥርዝ ድልዝ ያለበት በፊርማ ይጸድቃል፣ ፋይል የጠፋበት ማመልከቻ ይጽፋል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በዓለም ላይ የሰው ልጅ በወኪል የማያስፈጽመው ጉዳይ አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። ፈራ። ለሌላ ሰው ሲል ፈርቶ ስለማያውቅ ፍርሃቱ መጀመሪያ ረኀብ መስሎት ነበር።

ታላቅየው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ጎን ባለች መቆያ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ብረቱ ራሱን ስለሚከብደው አንገቱን አቅንቶ፣ ዐይኑን ብቻ እያዞረ ያያል። ቀኝ እጁ አንሶላው ላይ ይንቀጠቀጣል።

«ጋሼ» አለ ወኪሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዛሬውን ፎቶ ከዚያኛው ጋር ሊያጋጥሙት ነው። መርፌው በሱ ነው የሚገባው።»

«ሰምቻለሁ። ብረቱን ሲያስሩልኝ ነግረውኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ የአንድ እናት ልጆች ነን። ምን ያህል ይለያያል ብለህ ነው?»

«አልገጥም ብሏታል። ሰማኋት።»

ታላቅየው መስኮቱን አየ፤ መስኮቱ ተዘግቷል። «ብናገር እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ግባ ይሉኛል» አለ በመጨረሻ። «መርፌው ይሳት እንጂ እዚያ አልገባም። ስማኝ፣ ዕድሜህን ሙሉ ስትታዘዘኝ ኖረሃል፣ እግዜር ይስጥህ። ዛሬም ዝም በለኝ፤ ሌላ አልጠይቅህም።»

ወኪሉ ወጣ። ታላቁን እንቢ ብሎ አያውቅም፤ አባታቸው ሲሞት ደብተር የገዛለት፣ ሲያገባ ሽማግሌ ሆኖ የሄደለት እሱ ነው። አዳራሹ ውስጥ የወንድሙ ሚስት ቦታ ይዛለት ነበር። አንድ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችውና በሉ። ከጎናቸው አንድ ሽማግሌ በዊልቸር ተቀምጠው፣ ግማሽ ፊታቸው ወርዶ፣ ልጃቸው አፋቸውን በመሐረብ ትጠርግላቸዋለች። አንድ ነገር ሊሉ ይሞክራሉ፣ ልጅቱ «ውኃ ነው? ሽንት ቤት ነው?» እያለች ትገምታለች፣ እሳቸው በንዴት ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ወኪሉ የብርቱካኑን ፍሬ የራሱ መሐረብ ላይ ተፋ። «እመጣለሁ እትዬ» አለና ተነሣ።

ባለሙያዋ የኮምፒውተሩን ማውዝ ይዛ የአንዱን ራስ ምስል በሌላው ላይ ቀስ እያለች ታሽከረክራለች። ወኪሉ ስንት መስኮት ፊት የተለማመደው አፉ እንቢ አለው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የሱ ግን ሊያመልጥለት ፈልጎም አላመለጠለትም። ሦስት ጊዜ «እኔ» ብሎ ቆመ።

«ያ ጭንቅላት የኔ ነው» አለ በአራተኛው።

«ምን አሉኝ?»

መድገም አቃተው። ሄዶ ስክሪኑ አጠገብ ቆመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጎኑን ሰጣት። ባለሙያዋ ስክሪኑን አየች፣ እሱን አየች፣ ስክሪኑን አየች። ጎበጥ ያለችው አፍንጫ ሁለቱም ጋ አለች። ልትስቅ የነበረች ይመስላል፤ ወዲያው ግን እጇን ከማውዙ ላይ አነሣች፣ ትኩስ ነገር እንደ ነካ ሰው። አልጮኸችበትም። «አሥር ደቂቃ ቢዘገዩ በእጄ አስማምቼው ነበር» አለች ብቻ፣ ፊቷ ነጣ ብሎ። ከዚያ ስልኩን አነሣች።

ቀዶ ሐኪሙ አጠር ያለ፣ ፂሙን የሚንከባከብ ሽበታም ሰው ነው። ነገሩን ሁለቴ አስደገመ። «ጫማ እንኳ በሰው እግር አይለካም» አለ፣ ወኪሉን ሳይሆን ወለሉን እያየ። ንዴቱን ዋጥ አድርጎ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ። የሆስፒታሉ ማሽን ከተጠገነ ሳምንቱ ነው፤ ብረቱም ማግኔት የማይስበው ዓይነት ነው፤ ታካሚው እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ እሱ ራሱ ገብቶ ከተነሣ ይሠራለታል። ካልተነሣ ብሎኑ ይፈታል፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ተራውን ከመጨረሻው ይጀምራል። የሚያስተኛ ማደንዘዣ የለም፤ እጁ ሲንቀጠቀጥ ማየት አለብኝ አለ፣ የተኛ እጅ አይንቀጠቀጥም። ሰዓቱ ለአምስት አሥር ጉዳይ ነበር።

ታላቅየው ይህ ሲነገረው ወንድሙን ቀና ብሎ አላየውም። «ሸጥከኝ» አለው። ወደ ኤምአርአዩ ክፍል በተሽከርካሪ አልጋ ወሰዱት፤ ክፍሉ ቀዝቃዛና ነጭ ነው፣ መሃሉ ላይ ያ አፉን የከፈተ ቱቦ አለ። አስተኙት፣ ጆሮውን ሸፈኑለት፣ በግራ እጁ የሚጨመቅ የጎማ ኳስ ሰጡት፤ ከጨነቀው ይጫነዋል። ቱቦው እስከ ትከሻው ሳይውጠው ኳሱን ተጫነው። አወጡት። ላቡ በብረቱ ሥር ይንቆረቆራል። «ፍቱልኝ» አለ። «ቤቴ ልሂድ። እጄም እንደ ፈለገ ይሁን።» ባለሙያዋ ወደ ሰዓቱ አየች። አምስት ከሃያ።

ወኪሉ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ቆሞ ነበር። ሳይጠሩት ገባ፤ ባለሙያዋ በር ላይ አስቁማ ቀበቶውን፣ ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፣ ስልኩን አስፈታችው። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ወንድሙ አጠገብ ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔ ገብቼበታለሁ» አለ። «ልንገርህ። መጀመሪያ በር ያንኳኳል፤ አትክፈት። ቀጥሎ እንደ ጄኔሬተር ያጉረመርማል፣ ረጅሙ እሱ ነው፣ ከሱ በኋላ ሌላው ቀላል ነው። አራተኛው ላይ ዝም ይላል። ያለቀ ይመስልሃል፤ አላለቀም፣ እኔን ያታለለኝ እሱ ነው። ዐይንህን እንደ ጨፈንክ ግባ፣ ውስጥ አትክፈት። እኔ ከፍቼ ነው ያለቀስኩት።»

ታላቅየው ዐይኑን ወደ እሱ አዞረ። «አለቀስክ?»

«አለቀስኩ እንጂ።»

«አልነገርከኝም።»

«ማን ጠይቆኝ» አለ ወኪሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም እንዴት ነበር ብሎት አያውቅም፤ በወረቀቱ ላይ የገባው እሱ አይደለማ። ያን ጊዜ ነው ቅር ብሎት እንደ ከረመ ያወቀው። «ሰባት ጊዜ ነው የሚጮኸው። አንዱ ባለቀ ቁጥር እግርህን እጨብጥሃለሁ። ቁጠር።»

ታላቅየው ኳሱን ያዘ። አልጋው ወደ ውስጥ ተንሸራተተ፣ ራሱ ገባ፣ ትከሻው ገባ፣ ደረቱ ገባ። ወኪሉ የቀረችለትን ቀኝ እግር በሁለት እጁ ያዘ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ሳስቷል፣ እግሩ በረዶ ነው። በር ተንኳኳ። ጨበጠው። ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ እግሩ ዘንበል ሲል፣ ሲወጠር፣ ጣቶቹ ሲኮማተሩ ይሰማዋል፣ ግን ኳሱ አልተጫነም። ጨበጠው። ሦስት። አራት ላይ ያ ዝምታ መጣ፤ እግሩ ሊነሣ ቃጣው፣ ወኪሉ አጥብቆ ያዘው፣ ማሽኑ እንደገና ጮኸ፣ እግሩ ተመለሰ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ወኪሉ ፈገግ ብሎ ሊለቀው ሲል ስምንተኛ ጀመረ። ስለ ስምንተኛው የሚያውቀው ነገር የለም። የሚጨብጥበት ልክ ስለ ጠፋው እስኪያልቅ ድረስ አልለቀቀውም።

አልጋው ሲወጣ ታላቅየው ዐይኑን ገና አልገለጠም።

«ሰባት ነው ያልከኝ» አለ።

«የነዚህ ስምንት ነው መሰለኝ።»

«ወኪል ምን ጊዜም አንድ ያጎድላል» አለ ታላቅየው፣ ከዚያ ዐይኑን ገለጠ።

ባለሙያዋ ሁለቱን ምስሎች ስታነጥፋቸው ደቂቃ አልፈጀባትም። የአጥንቱ ጠርዝ በጠርዙ ላይ፣ የዐይኑ ጉድጓድ በጉድጓዱ ላይ አረፈ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አየ፣ ነጥቧን በጣቱ ሳይነካ አመለከተ፣ ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ አነበበ፣ ነርሷ ደግማ አነበበችለት። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ሲቀረው የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ተዘጋ።

ወኪሉ ቀበቶውን እያጠበቀ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። የወንድሙ ሚስት ቆማ ነበር የምትጠብቀው።

«ምን ሆኖ ነው ይህን ያህል ያመላለሱት?»

«ሁለት ፎቶ መግጠም ነበረበት። አሁን ገጠመ።»

«ቅድም ለምን አልገጠመም?»

ታላቁ ዝም በል ብሎታል። ወኪሉ የመስኮቶቹንም የኮሪደሮቹንም መልስ ሁሉ ያውቃል፤ ማሽኑ ነው ማለት ይችል ነበር፣ ታምነውም ነበር። ደክሞት ነበር።

«ቅድም የሚያጋጥሙት ከኔ ጋር ነበር እትዬ» አለ። «ያኔ ቱቦው ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ አየችው። ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ቦርሳዋን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። አዳራሹ ውስጥ የአንድ ሰው ስም ተጠራ፤ የነሱ አልነበረም።

«ዛሬስ?» አለች። «ዛሬ ማን ገባ?»

«እሱ ራሱ።»

ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትኩራራ የዋለችው ሴት ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።